ሲኒዬን ለዩ፣ በሩን ዘጉ

የቲቢ መድኃኒት በጀመርኩ በአምስተኛው ቀን አከራያችን እማማ ቡና ጠሩኝ። አልገባም ብዬ በረንዳው ላይ በርጩማ ስቤ ተቀመጥኩ። ማስክ አድርጌያለሁ። «ምነው ልጄ ብርድ ላይ? ግቢ እንጂ!» አሉ። እዚሁ ይሻለኛል ብል አልሰማ አሉኝ። እጄን ይዘው አስገቡኝና ፍራሹ ላይ አስቀመጡኝ። ከዚያ በሩን ጥርቅም አድርገው ዘጉት። መስኮቱ ድሮም ተከፍቶ አያውቅም። ስምንት ሰው ነን። አንዷ ጎረቤት ልጇን ታጠባለች።

ቡናው ሲቀዳ የእኔ ሲኒ ረከቦቱ ላይ የለችም። ከጓዳ ለብቻዋ መጣች። ከሌሎቹ ጋር እንዳትቀላቀል ከሥሯ ቀይ የጥፍር ቀለም ጠብ ተደርጎባታል።

የምታጠባዋን ልጅ አየሁና ሲኒዋን ሳልነካ ተነስቼ ወጣሁ። ሁሉም በሲኒዋ የተቀየምኩ መሰላቸው። እውነቱን ለመናገር ተቀይሜያለሁ። ቤቴ ገብቼ ያለቀስኩትም በሲኒዋ ነው። የሚያስለቅሰው ግን በሩ ነበር። ቲቢ በሲኒ አይተላለፍም። በማንኪያ፣ በመጨባበጥ፣ በልብስም አይተላለፍም። በአየር ነው የሚተላለፈው፤ ያውም በተዘጋ ቤት አየር። እማማ በሽታው በማያልፍበት በኩል አጥር አጠሩ፤ በሚያልፍበት በኩል ደግሞ እኔን ራሴን እጄን ይዘው አስገቡኝ።

ከመታመሜ በፊት እኔም ከእሳቸው የተሻለ አላውቅም ነበር። እናንተ ሳትታመሙ ብታውቁት ብዬ ነው የምጽፈው።

ሽሮ ሜዳ የሐበሻ ቀሚስ ጥልፍ እሠራለሁ። በስፌት መኪና ነው የምጠልፈው። ከእንጦጦ ግርጌ ስለሆንን ጠዋትና ማታ ብርዱ አይጣል ነው። የምንሠራባት ክፍል አንድ መስኮት አላት፤ እሷም በላስቲክ ተወጥራለች። ምክንያቱ ብርድ ብቻ አይደለም። ነጭ ጨርቅ ነው የምንሠራው። ከመንገድ የሚገባ አቧራ አንዴ ቀሚስ ላይ ካረፈ ደንበኛ አይቀበልም። ስለዚህ መስኮቱ ላይ ላስቲክ፣ በሩ ላይ ወፍራም መጋረጃ። ውስጥ አምስት ሰው አለን። ሁለት ጠላፊ፣ አንድ ሰፊ፣ የነጠላ ጫፍ የምትቋጭ ልጅና የሚተኩሱት ጋሼ። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት እስከ ማታ አንድ ሰዓት እንሠራለን። ጥምቀት ሲቃረብ ማታ ሦስት ሰዓትም ይሆናል።

ሳሉ የጀመረኝ ኅዳር ላይ ነው። ኅዳር 12 ሲታጠን ሰፈሩ በሙሉ ቆሻሻውን አውጥቶ አቃጥሏል። «ጭሱ ነው» አልኩ። ጭሱ በማግስቱ ጠፋ፣ ሳሌ አልጠፋም። ከዚያ «ብርድ መታኝ» አልኩ። ዝንጅብል በማር ጠጣሁ። እናቴ ከደብረ ብርሃን መጥታ ስለነበር ዳማከሴ ጨምቃ አጠጣችኝ። ፋርማሲ ሄጄ አሞክሳሲሊን ገዛሁ። አንድ ዙር ጨረስኩ። ሌላ ዙር ገዛሁ። አንድ የግል ክሊኒክ ደም ሰጠሁና «ታይፎይድም ታይፈስም አለብሽ» ተባልኩ። መቼም አዲስ አበባ ውስጥ ክሊኒክ ገብቶ ይህን ሳይባል የሚወጣ ሰው ጥቂት ነው። መርፌ ወጋጉኝ፣ ለአራት ቀን ደህና የሆንኩ መሰለኝ።

እኔን ያነቃኝ ቀሚሴ ነው። የሥራ ቀሚሴን ኅዳር መጨረሻ ላይ በሁለት ጣት አጠበብኩት። ታኅሣሥ አጋማሽ ላይ ደግሞ እንደገና ሰፋኝና አጠበብኩት። ሁለተኛውን ስፌት እየሰፋሁ መርፌው እጄ ላይ ቆመ። ለካ እኔ ነኝ የማንሰው! ሌሊት ሌሊት አንሶላው ረጥቦ ያድር ነበር። እሱንም የክፍሉ ሙቀት ነው ብዬ አልፌዋለሁ። ታኅሣሥ ውስጥ፣ ሽሮ ሜዳ ላይ፣ ሙቀት!

ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የቆየ ሳል፣ የሌሊት ላብ፣ ትኩሳት፣ ክብደት መቀነስ። ከእነዚህ አንዱ ካለባችሁ ጤና ጣቢያ ሂዱና «የቲቢ ምርመራ» በሉ። በስሙ ጥሩት። እኔ «ሳል» እያልኩ ስሄድ የሳል ሽሮፕ እየተሰጠኝ ነው ሰባት ሳምንት የባከነው። በነዚያ ሰባት ሳምንታት የተጎዳሁት ደግሞ እኔ ብቻ አይደለሁም። ወደዚያ እመጣለሁ።

ጤና ጣቢያው የቲቢ ክፍል ውስጥ አንዲት ሲስተር አለች። ትንሽ ትቆጣለች፣ ግን እንደሷ ያለ አስረጂ አላየሁም። ትንሽ ዕቃ ሰጠችኝና «ምራቅ እንዳታመጪልኝ፣ አክታ ነው የምፈልገው። ከሆድሽ ሳይሆን ከደረትሽ ሳይው» አለችኝ። ከዚያ ሕንፃው ውስጥ ሳይሆን ከጓሮ፣ ደጅ ላይ ወጥተሽ አድርጊው አለችኝ። ለምን እንደሆነ ያኔ አልጠየቅሁም። ንፅህና መሰለኝ። ለካ ትምህርቱ እዚያው ጓሮ ጀምሯል። ደጅ ላይ ሲሳል የሚወጣውን ንፋሱ በትኖት ይጠፋል። ክፍል ውስጥ ከሆነ ግን ከአፍ የወጣው ደቃቅ ነገር ለሰዓታት አየሩ ላይ ተንሳፍፎ ይቆያል። ሰውየው ወጥቶ ከሄደ በኋላ የገባ ሰው እንኳ ይተነፍሰዋል።

አክታውን ጂንኤክስፐርት የሚባል መሣሪያ ነው የሚመረምረው። መሣሪያው ራሱ ሥራውን በሁለት ሰዓት ገደማ ይጨርሳል። ባክቴሪያዋ መኖሯን ብቻ ሳይሆን ሪፋምፒሲን የሚባለውን ዋናውን መድኃኒት መላመዷንም ይናገራል። የእኔ «አለ፣ አልተላመደም» ሆኖ መጣ። የኤች አይ ቪ ምርመራም አብሮ ይደረጋል፤ ለማንኛውም የቲቢ ታማሚ የሚደረግ ነው፣ እናንተን ጠርጥረው አይደለም። ኤች አይ ቪ የሰውነትን መከላከያ ስለሚያዳክም ሁለቱ በሽታዎች አብረው መሄድ ይወዳሉ። እኔ ነፃ ነበርኩ፤ ውጤቱን እስክሰማ ግን እግሬ ተንቀጥቅጧል።

ወሬው ከእኔ ቀድሞ ሰፈር ደረሰ። «ጴጥሮስ ልትገባ ነው» ተባለ። ቅዱስ ጴጥሮስ ሆስፒታል ከእኛ በላይ በእንጦጦ መንገድ ላይ ነው። ድሮ የሳንባ ነቀርሳ ታማሚ ብዙ ጊዜ ተኝቶ የሚታከምበት ስለነበር ስሙ ዛሬም የበሽታው ሌላ ስም ሆኖ ቀርቷል። ዛሬ አብዛኛው ሰው የሚታከመው ቤቱ ሆኖ፣ በአቅራቢያው ካለ ጤና ጣቢያ መድኃኒት እየወሰደ ነው።

እናቴ ደግሞ «በዘራችን እንዲህ ያለ የለም» ብላ ተነሳች። እሷ ብቻ አይደለችም እንዲህ የምታስበው። ሮበርት ኮህ የሚባል ጀርመናዊ ሐኪም ባክቴሪያዋን አግኝቻታለሁ ብሎ በ1882 እ.ኤ.አ. ይፋ እስኪያደርግ ድረስ አውሮፓ ውስጥም በዘር ይወረሳል የሚሉ ብዙ ነበሩ። ለነገሩ ዘር መምሰሉ አይገርምም። አባት ይታመማል፣ ከዚያ ልጅ፣ ከዚያ የልጅ ልጅ። የሚጋሩት ግን ደም ሳይሆን መኝታ ቤት ነው።

በሁለተኛው ቀን ሲስተር ወረቀት ገልብጣ እስክሪቢቶ ሰጠችኝ። «ባለፉት ሦስት ወራት አብረሽው የነበርሽውን ሰው ሁሉ ጻፊ» አለችኝ። ጻፍኩ፣ ጻፍኩ። ደንበኞች፣ የማኅበር ሰዎች፣ ቅዳሴ ላይ ከጎኔ የምትቆመው ሴትዮ፣ የባለሱቁ ልጅ። 23 ሰው ሞላኝ። ተሸማቅቄ ሰጠኋት።

እሷ ማንነታቸውን አልጠየቀችም። የጠየቀችኝ ሦስት ነገር ነው። ስንት ሰዓት አብራችሁ ትሆናላችሁ? ቤት ውስጥ ነው ደጅ? ቤት ከሆነ መስኮት ይከፈታል? እየጠየቀች ትሰርዛለች። የባለሱቁ ልጅ፣ ደጅ ላይ ሁለት ደቂቃ፤ ተሰረዘ። ደንበኞች፣ ልኬት ወስደው የሚሄዱ፤ ተሰረዙ። የቅዳሴዋ ሴትዮ፣ ቅጥር ግቢ ውስጥ ዛፍ ሥር ነው የምንቆመው፤ ተሰረዘች። መጨረሻ ላይ ሰባት ሰው ቀረ። ባለቤቴ፣ የአራት ዓመቷ ልጄ፣ አንድ ወር አብራኝ ያደረችው እናቴና አራቱ የሥራ ጓደኞቼ።

በሽታ ማለት ለእኔ እስከዚያ ቀን ድረስ ዕድል ነበር። አንዱን ይይዛል፣ አንዱን ይተዋል፣ እግዜር ያውቃል። ያ ወረቀት ላይ ግን ሒሳብ ሆኖ አየሁት። ብዙ ሰዓት፣ ጠባብ ቤት፣ ዝግ መስኮት። ሦስቱ ሲገናኙ በሽታው ያልፋል። ከሦስቱ አንዱን ስታነሱበት ይቸገራል።

ይህ የስም ዝርዝር ነገር ደግሞ አዲስ ፈሊጥ አይደለም። አያቴ ፊቷ ላይ የፈንጣጣ ጠባሳ ነበራት። እኔ ግን ፈንጣጣ የያዘው ሰው አይቼ አላውቅም። ኢትዮጵያ ውስጥ የመጨረሻው ታማሚ የተገኘው በ1968 ዓ.ም. ነው። ያጠፉት የሀገሩን ሰው በሙሉ በመከተብ ብቻ አይደለም። ታማሚ ሲገኝ በዙሪያው ያለውን ሰው እየፈለጉ፣ እየከተቡ፣ እንደ ቀለበት ከበቡት። እሳቱ የሚዘልበት ደረቅ ነገር ሲያጣ ጠፋ። ሲስተር የእኔን ሰባት ሰው የፈለገችው በዚያው ሐሳብ ነው።

ሰባቱ ተመረመሩ። ስድስቱ አልታመሙም። ጋሼ ግን ቲቢ አለባቸው። ከነሐሴ ጀምሮ ሲስሉ ነበር፤ «የካውያው እንፋሎት ነው» ይሉን ነበር። የእኔ ጭስ፣ የእሳቸው እንፋሎት። ሁላችንም ለሳላችን ስም አውጥተንለት ነበር።

«ታዲያ ከጋሼ ነዋ የያዘኝ» አልኳት ሲስተርን። «ሊሆን ይችላል። ከአምስት ዓመት በፊት ከሌላ ሰው ይዞሽም ሊሆን ይችላል» አለችኝ። ግራ ገባኝ። ያኔ ነው እናትሽ ማታ እሳት እንዴት ነው የምታሳድረው ብላ የጠየቀችኝ። ፍሙን አመድ ታለብሰዋለች፣ ትዳፍነዋለች አልኩ። «በቃ እሱ ነው» አለች።

ባክቴሪያዋ የገባችበት ሰው ሁሉ አይታመምም። ሰውነት ትዳፍናታለች። ሰውየው አያስለውም፣ አይከሳም፣ ለማንም አያስተላልፍም፤ ፍሟ ግን አለች። ከዓለም ሕዝብ ሩብ ያህሉ እንዲህ የተዳፈነች ባክቴሪያ እንዳለበት ይገመታል። ከእነዚህ ውስጥ በሕይወት ዘመናቸው የሚታመሙት ከ5 እስከ 10 በመቶ የሚሆኑት ናቸው። አመዱን የሚገልጡ ነገሮች አሉ። ኤች አይ ቪ፣ ስኳር በሽታ፣ የምግብ እጥረት፣ መጠጥ፣ ሲጋራ። ትንንሽ ልጆች ላይ ደግሞ አመዱ ገና ስስ ነው። ለዚህ ነው ልጄን ሳትታመም መድኃኒት ያስጀመሯት፤ በውሃ የሚሟሟ ኪኒን፣ በየቀኑ፣ ለሦስት ወር። ለባለቤቴ በሳምንት አንዴ የሚዋጥ ለ12 ሳምንት ሰጡት። «ሳልታመም መድኃኒት?» ብሎ ትንሽ አጉረመረመ። ፍሙን ውሃ አፍስሰን እናጥፋው ነው ነገሩ አልኩት።

ልጄ ስትወለድ ክንዷ ላይ የተወጋችው ክትባት አለ፤ ቢሲጂ የሚባለው፣ ጠባሳ የሚተወው። እሱ የት ሄደ ብዬ ጠይቄያለሁ። እሱ ሕፃናትን ከከባዱ ዓይነት፣ ለምሳሌ አንጎል ሽፋን ላይ ከሚወጣው ቲቢ፣ በደንብ ይጠብቃል። አዋቂን ከሳንባ ቲቢ ግን ያን ያህል አያድንም። ስለዚህ ጠባሳ አለኝ ብላችሁ እንዳትዘናጉ።

አሁን ሰባቱን ሳምንት ያነሳሁበት ነገር። ሕክምና ያልጀመረ አንድ የሳንባ ቲቢ ታማሚ በዓመት ውስጥ ከ10 እስከ 15 ለሚደርሱ የቅርብ ሰዎች ባክቴሪያዋን ሊያስተላልፍ ይችላል። መጀመሪያ ስሰማው ቤቴን ሁሉ የጨረስኩ መሰለኝ። ቀስ ብዬ ሳሰላው ሌላ ነገር ታየኝ። ከ15ቱ የሚታመሙት 5 ወይም 10 በመቶ ናቸው። አንድ ሰው ነው፣ ቢበዛ ሁለት። እሳቱ እንዳይጠፋ ግን አንድ ይበቃዋል። እኔ አንድ ሰው ካስታመምኩ፣ እሱም አንድ ካስታመመ፣ በሽታው ከእኔ በኋላም ይኖራል።

የወረርሽኝ ነገር በሙሉ እዚች ቁጥር ላይ ነው ያለው። አንድ ሰው ለስንት ሰው ያስተላልፋል? ለሁለት ከሆነ፣ አንዱ ሁለት፣ ሁለቱ አራት እያለ በአሥረኛው ዙር 1,024 ሰው ጋ ይደርሳል። ከአንድ በታች ከወረደ ግን በራሱ ጊዜ ይከስማል። ማንም ሰው እንዳይያዝ ማድረግ አይጠበቅብንም፤ ከአንድ በታች ማውረድ ነው። ይህ ለእኔ ትልቅ እፎይታ ነበር። ፍጹም መሆን የለብኝም ማለት ነው።

ቁጥሯ ከበሽታ በሽታ ትለያያለች። ኩፍኝን ውሰዱ። ክትባት በሌለበት ቦታ አንድ ኩፍኝ የያዘው ልጅ ከ12 እስከ 18 ሰው ያስይዛል። ከቲቢው ቁጥር ጋር ይመሳሰላል፤ ግን እነዚህ አይዳፈኑም፣ አብዛኞቹ በሁለት ሳምንት ገደማ ሽፍታው ይወጣባቸዋል። ደግሞ ልጁ ሽፍታው ከመውጣቱ ከአራት ቀን በፊት ጀምሮ ያስተላልፋል። እናትየው ገና «ጉንፋን ነው» እያለች ነው። ኩፍኝ የገለባ እሳት ነው፣ ቦግ ብሎ ሰፈሩን ያዳርሳል። ቲቢ የኩበት እሳት ነው። ነበልባሉ አይታይም፣ ግን ሌሊቱን ሙሉ ይጨሳል።

የገለባውን እሳት የሚያቆመው ክትባት ነው። ከ100 ልጅ 95ቱ ከተከተቡ ኩፍኝ የሚዘልበት ያጣል፤ ያልተከተበ ጨቅላ እንኳ በሌሎቹ ተከልሎ ይተርፋል። እኛ ሀገር በ9 ወርና በ15 ወር ይሰጣል። ሁለተኛውን የሚረሱ እናቶች ብዙ ናቸው። እኔም ረስቼው ነበር፤ ልጄ ያገኘችው ዘግይታ ነው። ካርዱን አውጥታችሁ እዩት።

የኩበቱን እሳት የሚያቆመው ደግሞ ቶሎ ተመርምሮ መድኃኒት መጀመር ነው። መድኃኒቱ ከተጀመረ በኋላ፣ ባክቴሪያዋ ካልተላመደች፣ በሁለት ሳምንት ገደማ የማስተላለፍ አቅሟ በጣም ይወድቃል። ስለዚህ ከታወቀለት ታማሚ ይልቅ ያልታወቀለት ነው የሚያስፈራው። እማማ ሲኒዬን ለይተው ሳለ፣ እዚያው ክፍል ውስጥ ማንም የማይጠረጥረው የሚያስለው ሰው ሊኖር ይችል ነበር።

ሲኒውን መለየት ከየት እንደመጣም ገባኝ። በ2008 ክረምት አዲስ አበባ ውስጥ አተት ሲነሳ ሁላችንም ተምረናል። እጅ ታጠቡ፣ ውሃ አፍሉ፣ ጥሬ አትብሉ። ትክክል ነበር። የአተት መንገዱ አፍ ነው፤ ከሰገራ ወደ ውሃ፣ ከውሃ ወደ አፍ። ያን ጊዜ ዕቃ መለየት ሰው አድኗል። ችግሩ ያንኑ ትምህርት ይዘን ለሁሉም በሽታ መሮጣችን ነው። በ2012 ኮሮና ሲመጣ ታክሲ በግማሽ ሰው በእጥፍ ዋጋ ጫነን። ሳኒታይዘር እጃችን ላይ ፈሰሰ። መስኮቱስ? ተዘግቶ! ወባ ያለበት ሀገር ሄዳችሁ ሳሙና ብትይዙ ምን ይረባል፣ አጎበር ነው የሚፈለገው። ኅዳር ሲታጠንም እንዲሁ ነው። በ1911 ዓ.ም. ኅዳር ላይ ያ የኅዳር በሽታ የተባለው ኢንፍሉዌንዛ አዲስ አበባን ፈጀ። ሰው በሽታው ከቆሻሻ ሽታ የመጣ መሰለውና ቆሻሻውን አቃጠለ። ዛሬም እናቃጥላለን። ጉንፋኑ ግን ከትንፋሽ ወደ ትንፋሽ ነበር የሚሄደው። ቆሻሻ ማጽዳቱን አልጠላሁም። ጭሱ ግን ለደረት አይበጅም።

ስለ መድኃኒቱ ጥቂት ልበል፤ ብዙ ሰው የሚያቋርጠው ሳይነገረው ስለሚደነግጥ ነው።

ምርመራውም መድኃኒቱም በመንግሥት ጤና ጣቢያ በነፃ ነው። ስድስት ወር ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት አራት መድኃኒት በአንድ ላይ ተደባልቆ፣ ቀጣዮቹ አራት ወራት ሁለት መድኃኒት። በመጀመሪያው ቀን ሽንቴ ብርቱካናማ ሆኖ ወጣ። ደም መስሎኝ ጮህኩ። ሪፋምፒሲን ነው፣ ጉዳት የለውም። እንባም ላብም ያቀልማል፤ እኔ ነጭ ጨርቅ ስለምሠራ ለአንድ ወር ያህል ላቤን በፎጣ እየጠረግሁ ነው የሠራሁት። እጅና እግር መደንዘዝ ወይም መንዘር ካለ ንገሩ፣ ቢ6 የሚባል ቪታሚን ይጨምሩላችኋል። ዓይናችሁ ቢጫ ከሆነ ወይም ማስመለስ ከበረታ ግን በዚያው ቀን ሂዱ፣ ጉበት ሊሆን ይችላል። መጠጥ ለስድስት ወር ይቅር። ሌላ የምትወስዱት መድኃኒት ካለ፣ የወሊድ መቆጣጠሪያም ቢሆን፣ ቀድማችሁ ተናገሩ፤ ሪፋምፒሲን የአንዳንዶቹን ኃይል ይቀንሳል።

ዋናው ፈተና ሁለተኛው ወር ላይ ነው። ትድናላችሁ! ሳሉ ይጠፋል፣ ምግብ ይጣፍጣል፣ ቀሚስ ይጠባል። እኔ ያጠበብኩትን ቀሚስ መልሼ ፈታሁት። ያኔ «ምን ያደርግልኛል» የሚል ሐሳብ ይመጣል። ጋሼ በአሥረኛው ሳምንት ሊያቆሙ ነበር፤ ጨጓራዬን አቃጠለኝ ብለው። መድኃኒት ስናቋርጥ የሚተርፉት ጠንካሮቹ ባክቴሪያዎች ናቸው። እነሱ ተራብተው ሲመለሱ የበፊቱ ኪኒን አይነካቸውም። ለሌላ ሰው የሚተላለፈውም ያው የተላመደው ነው። ያን ለማከም ሌላ፣ ጠንከር ያለ መድኃኒት ይፈልጋል፣ ሊረዝምም ይችላል። ነጠላ የምትቋጨው ልጅ በየጠዋቱ ጋሼ ሲውጡ ቆማ ታይ ነበር። «ፖሊሴ መጣች» ይሏት ነበር።

ከሁሉ የከበደኝ የሥራ ቦታው መስኮት ነው። ሁለት ሳምንት ቤቴ አርፌ ስመለስ ላስቲኩ እንዳለ ነው። ባለቤትየውን ላስቲኩን እናንሳ አልኩት። «አቧራውን ማን ያጥብልኝ?» አለ። እውነቱን ነው፣ ነጭ ጨርቅ ነው። ለሦስት ቀን ተከራከርን። በመጨረሻ ስስ ሻሽ በሁለት ድርብ መስኮቱ ላይ ወጠርኩ። አቧራውን አብዛኛውን ይይዛል፣ አየሩን ያሳልፋል። በየሳምንቱ ይታጠባል፤ የሚወጣውን ውሃ ብታዩት ሳምባችን ውስጥ ምን ሲገባ እንደኖረ ይገባችኋል። የበሩን መጋረጃ በአጭሩ ቆረጥነው። የጋሼ መተኮሻ ጠረጴዛ በረንዳ ላይ ወጣ፤ እሳቸውም ፀሐይ አገኙ። የፀሐይ ብርሃን ባክቴሪያዋን ይገድላል፣ ጨለማና ጠባብ ቤት ነው የሚመቻት። ብርዱስ? ብርድ አለ። ሹራብ ደርበን እንሠራለን። ብርድ ራሱ ቲቢ አያመጣም። ብርድን ሸሽተን የምንዘጋው ቤት ነው የሚያመጣው።

ታክሲ ላይ ገና አልተሳካልኝም። ሁልጊዜ መስኮት ጥግ እቀመጣለሁና ጣት የምታስገባ ያህል እከፍታለሁ። ሁለት ፌርማታ ሳንሄድ አንዱ ከኋላ «እህቴ፣ ዝጊው፣ ምች ይመታናል» ይላል። አንዳንዴ እከራከራለሁ። አንዳንዴ ደክሞኝ እዘጋዋለሁ። ለአሥራ አምስት ደቂቃ መንገድ የሚያሰጋው ነገር ትንሽ ነው ብዬ ራሴን አጽናናለሁ። ቀኑን ሙሉ እዚያው ተቀምጦ የሚውለው ሾፌርና ረዳቱ ግን ያሳዝኑኛል።

ሰኔ መጨረሻ ላይ ጨረስኩ። በሁለተኛው፣ በአምስተኛው ወርና በመጨረሻ አክታዬ ታይቶ ንፁህ ነው ተባለ። ካርዴ ላይ ሲስተር ፈረመችበት። ጋሼም ከእኔ ሁለት ሳምንት ዘግይተው ጨረሱ።

እማማ ጋ ያለችው ሲኒ አሁንም አለች። ቀዩ ነጥብ ሲታጠብ ሲታጠብ ለቀቀ፤ ከሌሎቹ ጋር ተቀላቅላለች፣ የትኛዋ እንደሆነች እሳቸውም አያውቁም። ባለፈው ሳምንት ጠዋት በሬን አንኳኩ። የልጅ ልጃቸው ከመንዝ መጥቶ እሳቸው ጋ ነው የሚያድረው፤ ሌሊት ሲስል በግድግዳው እሰማዋለሁ። ቆመው ነጠላቸውን እያስተካከሉ ትንሽ ዘገዩ።

«ያቺ ሲስተር» አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «በየትኛው ቀን ነው የምትገባው?»